ለባለ ቪዮላው የሰጠሁት ምርቃት

መርካቶ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘመድኩን፣

ቤትህ ሰላም ይሁን። የሰብለ ወንጌልንም ጉልበት አላህ አሽሎላት እንደ ድሮዋ ደረጃ የምትወጣ ያድርጋት። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሐጀራ ከስኳሯ ጋር ተስማምታ እየኖረች ነው፤ ከእኔ ጋር ግን ገና አልተስማማችም።

ለዘገየህበት የጻፍከውን ይቅርታ ተቀብያለሁ። ግን ለአንድ ደብዳቤ መዘግየት ይህን ሁሉ ገጽ ይቅርታ ምን አመጣው? «ሰነፍኩ» ብለህ አንድ መስመር ብትጽፍ ይበቃኝ ነበር። ይቅርታ ሲበዛ ከጀርባው ሌላ ነገር ያለ ይመስላል።

የላክኸውን ፍላሽ ሾፌሩ ባህረዲን አድርሶልኛል። አይሱዙውን ገና በቅጡ ሳያቆም በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሼ ሙናዊር! ከሐዋሳ አደራ አለብኝ፣ ቶሎ ተቀበለኝ!» ብሎ ሲጮህ የጨርቅ ተራው ሰው ሁሉ ወርቅ የተላከልኝ መስሎት ዞሮ አየኝ። ከዚያ ያቺን ጥፍር የምታህል ነገር ከመጋረጃ ቦንዳው ውስጥ ሲያወጣት ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ማን እንደሚጫወት አልነግርህም፤ ሰምተህ ፍረድ» ብለሃል። እሺ። መጀመሪያዋን ብቻ ከፍቼ ሰማሁና ዘጋሁት፤ ምክንያቱም ደነገጥኩ። ይህ እኮ ባለ ቢጫው ነው! ካንተና ከእኔ ሌላ ባለ ቢጫውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር አለ? ያን ካሴት ከቆራሌው ጆንያ ስናወጣው ወረቀቱ ተልጦ ቢጫ ልባሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። የማን ድርሰት እንደሆነ፣ ምን እንደሚባል ሳናውቅ አረጀን። የሚጫወቱት አራት መሆናቸውን እንኳ ያወቅነው ከስንት ክርክር በኋላ ነው፤ «ሦስት ናቸው» ብለህ ድርቅ ያልክበትን ቀን አልረሳውም። እነዚህ ሰዎች ታዲያ ኖታውን ከየት አገኙት?

በስልክ አልጠይቅህም። መርካቶን ለቀህ ሐዋሳ ሱቅ የከፈትክ ጊዜ የተማማልነውን አልጥስም፤ ስልክ ለዋጋና ለለቅሶ ነው፣ ሙዚቃ በደብዳቤ ነው። እሁድ ገበያው ሲዘጋ መጋዘን ገብቼ፣ በመጋረጃ ጣቃዎቹ መሃል ተቀምጬ እሰማዋለሁ። ጣቃ የውጭውን ጫጫታ እንደሚውጥ ታውቃለህ።

ልጄ ዱንያስ? አርብ አርብ ስደውልላት «ደህና ነኝ አባ፣ ፈተና ላይ ነኝ» ብቻ ነው መልሷ። አካውንቲንግ እንዲህ ፈተና የሚበዛበት ትምህርት መሆኑን አላውቅም ነበር። ዶርም አልመቻት ሲል «ከጋሼ ዘመድኩን ቤት ሁኚ» ያልኳት አንተን ተማምኜ ነው። ልጄን የሰጠሁት ለሐዋሳ አይደለም፣ ለአንተ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። በደንብ ትበላለች? እንዴት ናት? እውነቱን ጻፍልኝ።

ወንድምህ ሙናዊር

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሙናዊር፣

ሰላምታህ ቤታችንን ሞላው። የሰብለ ጉልበት ዝናቡ ሲያባራ ይሻለዋል፤ ሐይቁ ዳር መኖር ለዓይን እንጂ ለአጥንት አይሆንም።

ዱንያ ደህና ናት። ትበላለች፤ ትስቃለች፤ እጇም ሥራ አይፈታም። ሰብለ እንደ ልጇ ነው የምታያት። ስለዚህ ነገር አትጨነቅ።

ተጫዋቾቹ የዚሁ አገር ወጣቶች ናቸው። ከዚህ በላይ አታስለፍልፈኝ፤ ስምና ዘር ሲነገርህ ጆሮህ ወዲያው ወገን ይይዛል። ኖታውን ከየት እንዳገኙ ጠይቄ እነግርሃለሁ። አሁን ግን የካሴት ዘመናችንን ደንብ ላስታውስህ፤ እያንዳንዱ አንድ መሣሪያ ይይዛል፣ እስከ መጨረሻው እሱን ብቻ ይከተላል፣ ወደ ሌላው አይሄድም። እንደ ዕቁብ ዕጣ አውጥተን ለእኔ ባለ ወፍራም ድምፁ ቼሎው፣ ላንተ በእሱና በቫዮሊኖቹ መሃል ያለው ቪዮላው ደረሰ። «መሃል የተወሸቀውን ማን ይሰማዋል!» ብለህ ሳምንት አኩርፈህብኝ ነበር።

ዛሬም ዕጣህን ይዘህ ስማልኝ። ቪዮላውን። መጥፎ ከሆነ አትማር፤ ጥሩ ከሆነም አትሰስት። ፍርድህ በጣም ለሚያስፈልገው ሰው ነው።

ክሬም ቀለም ያለው ጨርቅ አልቆብኛል፤ በሚቀጥለው ጭነት አስገባልኝ።

ወንድምህ ዘመድኩን

መርካቶ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘመድኩን፣

ክሬሙን በዚህ ጭነት ልኬልሃለሁ። ሰብለን ሳምልኝ። ሌላውን ሰላምታ በልብህ ሙላው፤ ዛሬ ሰላምታ የሚያስረዝም ትዕግሥት የለኝም። ሰማሁት!

እንዳልከኝ ቪዮላውን ብቻ ይዤ ገባሁ። እንደምታውቀው ቪዮላው ነው የሚጀምረው። ሌሎቹ ገና ወንበር እየሳቡ ያለ ይመስል እሱ ዜማውን ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራል። አጭር ዜማ ነው፤ ወጣ ይልና ይወርዳል፣ ጥያቄ ይመስላል። ሁለተኛው ቫዮሊን ይቀበለዋል፤ መልስ አይሰጥም፣ ያንኑ ጥያቄ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ከዚያ አንደኛው ቫዮሊን ይመጣና ዜማው ድሮም የእሱ እንደነበረ ሁሉ አስጊጦ ይዞት ይሄዳል። ሰው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። እኔ ግን ከዕጣዬ ጋር ቀረሁ። ቪዮላው ዜማውን ከሰጠ በኋላ ምን ይሠራል? ሁለት ኖታ እያመላለሰ ከሥር ይዞላቸው ይቆያል። ካላስተዋልክ የለም ትላለህ። አንዴ ዝም ሲል ግን ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ያኔ ነው ለካ እሱ ነበር የምትለው።

መሃሉ ላይ ዜማውን ይሰባብሩታል። አንዱ ራሱን፣ አንዱ ጭራውን ይዞ ይወራወሩታል፤ ቼሎው ይቆጣል፤ ሁለተኛው ቫዮሊን በሰው ንግግር መሃል ይገባል። ይህ ልጅ ይቸኩላል፤ ንገረው። አንደኛው ቫዮሊንም ድምፁን እየሰማ የሚደሰት ሰው ነው፤ ይህን ግን አትንገረው፣ አንደኛ ቫዮሊን ሁሉ እንደዚያው ነው። ክርክሩ ሲበርድ ዜማው ይመለሳል፤ እኔም እፎይ ብዬ ጣቃው ላይ ደገፍ እላለሁ። የለም! ተመለሰ ያልኩት በሌላ ቅኝት የመጣ ሐሰተኛ ነው፤ ጥቂት ይሄድና ይበተናል። ስንት ዓመት የማውቀው ቦታ፣ አሁንም ተታለልኩ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ዘበኛው በበሩ አጮልቆ አየኝ።

እውነተኛው መመለስ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ሁሉም ይወርዱለትና ቪዮላው እንደ መጀመሪያው ብቻውን ዜማውን ያነሳል። እዚህ ላይ ነው የሞትኩት። አምስተኛዋ ኖታ ላይ ሲደርስ ይቆያል። ቆየት ይልና ድምፁ ወደ ታች ለስለስ ይላል፤ ደረጃ ወጥቶ ግድግዳ የተደገፈ ሰው ዓይነት። ከዚያ ይቀጥላል። አንተ፣ ባለ ቢጫው ማለት ይህቺ ቦታ ናት! ይህን ያልገባው ሰው ሮጦ ያልፋታል። ይህ ሰው አላለፋትም። ገና ወጣት ሆኖ እንዴት አወቀ?

በዝግተኛው ክፍል ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ አንዲት ኖታ ይዞ ሌሎቹ ሦስቱ በላዩ ሲያልፉ አልተንቀጠቀጠም። በመጨረሻው ክፍል ቼሎው ከመጀመሪያው ዜማ ሦስት ኖታ ሰርቆ ሲያስገባ አንተን አስታወስኩ። ያን የደበቀውን ያገኘኸው አንተ ነህ፤ ደንበኛ ጨርቅ አስቆርጦ ቆሞ፣ መቀስህን ጥለህ «አገኘሁት!» ብለህ ወደ ሱቄ የሮጥክበት ቀን። ከዚያ ወዲህ እንዳንተ አብሮኝ የሚሰማ ሰው አላገኘሁም።

ፍርድ ጠይቀሃል። ፍርዴ ምርቃት ነው። እጄን ዘርግቼ ነው የምጽፈው ብልህ «በተዘረጋ እጅ አይጻፍም» ትለኛለህ፤ ዘርግቼ ጨርሼ ነው የጻፍኩት። ይህን ቪዮላ የሚጫወተውን ሰው አላህ ጣቶቹን ይጠብቅለት። እንጀራው ከዚሁ አውታር ይውጣለት። ወላጆቹ በሕይወት ካሉ በልጃቸው ደስ ይበላቸው። «ተው» የሚለው ሰው ካለም አላህ ልቡን ያራራው። አሚን።

አንድ ነገር አደራ፤ ይህን ቅጂ ዱንያ ፊት አትክፈተው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ቫዮሊኗን ያስቀመጥኩባት ለክፋት እንዳልሆነ ታውቃለህ። ወጣት ማዕከል ስትማረው ልጅ ነበረች፣ ጨዋታ ነው አልኩ። አሁን ግን ሰሚ መሆን ይበቃታል፤ እኔም በቅቶኛል። የሙናዊር ልጅ በየሆቴሉ ሰው ፊት ትገዘግዛለች ከተባለ አርብ አንዋር መስጊድ ደጃፍ ቆሜ ከማን ጋር ሰላምታ እለዋወጣለሁ? ቁስሏን አትንካብኝ።

ወንድምህ ሙናዊር

ሐዋሳ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሙናዊር፣

ክሬሙ ደርሶኛል፣ ተመስገን። ደብዳቤህ ግን ከክሬሙ በላይ ነው።

ሳላስፈቅድህ አንድ ነገር አደረግሁ፤ አትቆጣ። ያንን ደብዳቤ፣ የመጨረሻዋን አንቀጽ ትቼ፣ ለአራቱ አነበብኩላቸው። ሁለተኛው ቫዮሊን «ይቸኩላል» ሲባል ጆሮው ቀላ። ቪዮላ የምትጫወተው ሴት ናት። ምርቃቱ ላይ ስደርስ ተነስታ ወጣች፤ ሰብለ ተከትላት ሄደች። ሻዩም ቀዘቀዘ።

አሁን የምጠይቅህን በቀልድ አትመልስልኝ። ምርቃትህ የልብ ነው? ሴት መሆኗን ስታውቅ ይለወጣል? ሐጀራ ብትሰማው አሜን ትላለች? እነዚህን መልስልኝ፤ ሌላውን ስንገናኝ እንጫወታለን።

ዱንያ ደህና ናት። ሰሞኑን ዝም ብላለች፤ ሰብለ ድካም ነው ትላለች።

ወንድምህ ዘመድኩን

መርካቶ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘመድኩን፣

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! እንኳን ሴት ሆነች፣ ዘጠና ዓመቷ ቢሆን ምርቃቴ ያው ነው። ምርቃት ጨርቅ አይደለም፣ አስቆርጠው ቀለሙን ጠላሁት ብለው አይመልሱትም። በእኛ በስልጤዎች ዘንድ አንድ አባት እጁን ዘርግቶ ያወጣውን ቃል መልሶ ቢውጥ ቃሉ በልጆቹ ላይ ነው የሚዞረው። እንኳን እኔ፣ ያበደ ሰው አያደርገውም።

ለሐጀራም አነበብኩላት። ሙዚቃው ላይ አንቀላፋች፤ ምርቃቱ ላይ ነቅታ እጇን ዘረጋችና «አሚን፣ አሚን» አለች። «የማን ልጅ ናት?» ብትለኝ «የአላህ» አልኳት። ይበቃሃል?

አሁን ጉድ ስማ። ዱባይ ተራ ስልክ የሚጠግነው ዛኪር ቻርጀር ሊያመጣልኝ መጋዘን መጣና ባለ ቢጫውን ሲሰማ ስልኩን ወደ ድምፁ አስጠጋ። «ጋሼ፣ አንዴ ዝም በል» አለኝ። ስልኩ የደራሲውን ስም፣ የድርሰቱን ቁጥር ሁሉ ዘረገፈው! እኛ ዕድሜያችንን የፈጀንበትን ነገር ስልኩ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። «ኦሪጅናሉን አውርጄ አመጣልሃለሁ፤ የአንድ ቡድን ብቻ ሳይሆን የብዙ ተጫዋቾችን» ብሎኛል። ስሙን አልነግርህም። አንተ የተጫዋቾቹን ስም ስትነግረኝ እኔም የባለ ቢጫውን እነግርሃለሁ። ንግድ ነው።

ዱንያ ለዕረፍት አልመጣም አለች፤ ፕሮጀክት አለብኝ ትላለች። እናቷ ናፍቃታለች። እስቲ ገፋ አድርጋት።

ወንድምህ ሙናዊር

መርካቶ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘመድኩን፣

ሰላምታ የለኝም።

ዛኪር ያመጣውን ትናንት መጋዘን ገብቼ ሰማሁ። ንጹሕ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ዜማው ሲመለስ አምስተኛዋን ኖታ ጠበቅኋት። አልቆየችም። እንደሌሎቹ ኖታዎች አለፈች። ይህኛው አልገባውም ብዬ ሁለተኛውን ቅጂ ከፈትኩ። አልቆየችም። ሦስተኛውን ከፈትኩ። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ዘገምተኛው፣ ፈጣኑ፣ አንድም የሚቆይ የለም። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል፤ እኔም አጥብቄ ጠየቅሁ።

ካሴቱን አወጣሁት። ያኔ ትዝ አለኝ። አንተ መርካቶን በለቀቅህ ዓመት ቴፑ ካሴቱን በልቶት ነበር። ዱንያ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፤ እያለቀሰች ክሩን ከቴፑ ሆድ መዝዛ አወጣችው፣ በእርሳስ አጠነጠነችው። የተሸበሸበው ቦታ እዚያች ኖታ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ቴፑ እዚያ ሲደርስ ይጎተታል፣ ድምፁም ይወርዳል። ብልሽት ነው። እሷና እኔ ያንን ብልሽት ይዘን ዓመታት ሰማን፣ ለመድነው፣ ባለ ቢጫው እንዲህ ነው አልን። በዓለም ላይ እዚያች ኖታ ላይ የሚቆየው የእኔ ካሴት ብቻ ነው። እሱን እየሰማ ያደገ ልጅም አንድ ብቻ ነው።

አንተ ይህን አታውቅም ነበር። ብታውቅ ኖሮ ፍላሹን አትልከውም ነበር።

ደብዳቤዎችህን በሙሉ አውጥቼ አነበብኳቸው። «ትበላለች፤ ትስቃለች፤ እጇም ሥራ አይፈታም።» ውሸት የምይዝብህ መስሎኝ ቃል በቃል ሄድኩባቸው፤ አንድም ውሸት የለባቸውም። ይህ ነው ያቃጠለኝ። ውሸት ብትጽፍልኝ ቸኩለህ፣ ደንግጠህ ነው እል ነበር። አንተ ግን ተቀምጠህ፣ መዝነህ፣ እውነቱን ሁሉ ጽፈህ አታለልከኝ። ባለ ቢጫው ሲያታልለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ያ ሙዚቃ ነው። አንተ ወንድሜ ነበርክ።

የሰረቅኸኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አንድ አባት ልጁን የሚመርቀው ዓይኗን እያየ፣ ራሷ ላይ እጁን ጭኖ ነው። ለመመረቅም ለመከልከልም ልጄን ላያት ይገባኝ ነበር። አንተ እንደማትታወቅ ሰው በጨርቅ ጠቅልለህ አቀረብክልኝና ከእጄ ምርቃቱን ወሰድክ። ሐጀራንም በእንቅልፏ መሃል አሚን አስባልካት። ዛሬ ስነግራት «አሚን ብያለሁ እኮ» አለችኝ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። ከየትኛው ፈረስ እንደምወድቅ አላወቅሁም እንጂ።

ለዱንያ እስካሁን አልደወልኩም። ብደውል የምናገረውን አላውቅም። አንተ ግን መልስልኝ። ትምህርቷ ምን ሆነ? ከመቼ ጀምሮ? እኔን በፍላሽ የመፈተኑ ሐሳብ የማን ነው? ይቅርታ አትጻፍልኝ፤ ይቅርታህን ጥቅምት ላይ ጨርሰሃል።

ሙናዊር

ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሙናዊር፣

ወንድሜ ማለቴን አልተውም፤ ብትፈልግ ሰርዘው።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። ትምህርቷን ካቋረጠች ዓመት ሊሆናት ነው። አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ሳሎን መጣችና «ጋሼ፣ ከአካውንቲንግ ወጥቻለሁ፤ ለአባ ከነገርከው ከዚህ ቤትም እወጣለሁ» አለችኝ። ብነግርህ የባህረዲን መኪና ላይ ወጥተህ በማግስቱ ደጄ እንደምትደርስ አውቃለሁ። እሷም ከመድረስህ በፊት እንደምትጠፋ አውቃለሁ። ከዓይኔ እንዳትጠፋ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ያኔ እንኳ ሰብለ «ለሙናዊር ንገረው» እያለች ጨቀጨቀችኝ።

ቀን ለሕፃናት ቫዮሊን ታስተምራለች፤ ማታ ከሦስቱ ጋር ትለማመዳለች። የባለ ቢጫውን ኖታ ያገኘላት አስተማሪያቸው ነው፤ በአፏ አንጎራጉራለት አወቀው። ያቺን አምስተኛ ኖታ በተመለከተ ሦስቱም «ወረቀቱ ላይ የለም፣ አስተካክዪው» ብለው ለምነዋት ነበር። «እኛ ቤት እንዲህ ነው» ብላ እምቢ አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ያወቅሁት ገና ካንተ ደብዳቤ ነው።

ሐሳቡ የእኔ ነው። የእኔ ብቻ። እሷ ቅጂውን እንደላክሁልህ አታውቅም ነበር። ስሟን ከሰማህ ጆሮህ እንደሚዘጋ፣ ሳትሰማት እንደምትፈርድባት ገመትኩ። ያለ ስሟ ስትሰማት ምን አልክ? ራስህ የጻፍከውን አንብብ! ሞትኩ ያልከው አንተ ነህ። ምርቃት እንደ ጨርቅ አይመለስም ያልከውም አንተ ነህ። ይህን እኔ አላስጻፍኩህም። ያታለልኩህ በስሟ እንጂ በጆሮህ አይደለም። በፈጠረህ ይሁንብህ፣ በልጅቱ ላይ ቃልህን እንዳታነሳ። በእኔ ላይ የፈለግኸውን አድርግ።

አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ደብዳቤህን ያነበብኩ ቀን ተነስታ የወጣችው ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ገበታ አትቀርብም። ይህን አልጻፍኩልህም ነበር፤ አሁን ጻፍኩ።

ገና ደርሷል። ሰብለ «ሙናዊር ይደውል ይሆን?» ትላለች።

ዘመድኩን

መርካቶ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘመድኩን፣

በገና አልደወልኩልህም። ሐጀራ «በሰው በዓል ቂም አይያዝም» ብላ ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰብለን ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ እሷ እውነቱን አንተ እንድትነግረኝ ፈልጋ ነበር፣ ይህ ውለታዋ ነው።

ቃሌን አላነሳም። አንተ ስለለመንከኝ እንዳይመስልህ። ከአፌ የወጣው የወጣ ነው፣ ፍርዱም እውነት ነበር፤ በልጅቱ ላይ አላዞረውም። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። ትናንት አንዋር ስሰግድ ስለ እሷ ዱዓ ሳደርግ እንኳ የምለውን ግማሹን አንተ አስቀድመህ ያስባልከኝ መሰለኝና አፈርኩ። ይህን ነው ያደረግህብኝ። የራሴ ምርቃት በራሴ አፍ ውስጥ የሰው ዕቃ ሆነብኝ።

ስሟን ከሰማሁ ጆሮዬ እንደሚዘጋ ገመትክ። ምናልባት ይዘጋ ነበር። ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ ይከፈት ነበር። ይህን አሁን አንተም እኔም አናውቅም፤ እንዳይታወቅ ያደረግኸው አንተ ነህ። ልጄን እምቢ ብዬ አስለቅሼ፣ ቆይቶ ደግሞ ተጸጽቼ፣ ሐይቁ ዳር ድረስ መጥቼ በሩን አንኳኩቼ «እስቲ አሰሚኝ» ልላት እችል ነበር። አባት ይህን ሁሉ ይሆናል። አንተ በእኔ ቦታ ሆነህ ጨረስከው።

ረቡዕ ዱንያ ደወለችልኝ። እኔ አይደለሁም የደወልኩት፣ እሷ ናት። «አባ፣ የሰማኸው እኔን እንደሆነ አታውቅም ነበር አይደል?» አለችኝ። አላውቅም ነበር አልኳት። «እኔም እንደምትሰማኝ አላውቅም ነበር፤ ባውቅ ሌላ ቀን የተቀዳውን እሰጠው ነበር፤ ያን ቀን እጄን አሞኝ ነበር» ብላ አለቀሰች። ገባህ? እኔ ሳላውቅ መረቅሁ፤ እሷ ሳታውቅ ተፈተነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቷ ልትጫወት ያሰበችበትን ቀን በልቧ ይዛ ነበር፤ ምን ልትለብስ፣ በየትኛው ዜማ ልትጀምር ሁሉ። አንተ ያን ቀን በባህረዲን አይሱዙ ላይ ጭነህ ላክኸው።

ትምህርቱን አላነሳሁባትም። ሌላ ቀን አነሳዋለሁ፤ እንጣላበታለን፣ በፊት ለፊት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትለኝ፤ ይህ ጩኸት የእሷና የእኔ ነው።

«ተመለሺ» ብላት እምቢ አለችኝ፤ ከቼሎ ተጫዋቿ ከሱሀይር ጋር ቤት አግኝታለች። ከዚያ አንድ ነገር ለመነችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ምንም ለምናኝ አታውቅም፤ መሣሪያውን ያስቀመጥኩባት ቀን እንኳ አልለመነችኝም። «አባ፣ መጥተህ ከጋሼ ዘመድኩን ቤት አውጣኝ» አለችኝ።

ቅዳሜ ከሐጀራ ጋር እመጣለሁ። ዕቃዋን ጭነን እንሄዳለን። በሩን ሰብለ ትክፈትልን፤ አንተ እቤት አትሁን።

ሙናዊር